ሠላሳ ስምንተኛው ቀን

የተያዝኩት ደብተር ለማንሳት ተመልሼ ስገባ ነው። ሌሎቹ በጓሮ በኩል፣ በእንሰቱ መካከል ሮጠው አምልጠዋል። እኔም በሩ ጋ ደርሼ ነበር። ደብተሩ መደቡ ላይ መቅረቱ ትዝ ሲለኝ ተመለስኩ። አንስቼው ዞር ስል አንድ ፖሊስ በሩን ሞልቶ ቆሟል።

“ነይ እስቲ” አለኝ። “የያዝሽውንም ይዘሽ ነይ።”

ዘመኑ የንጉሡ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ ዱራሜ አጠገብ ይኖሩ ነበር፤ እኔ ለትምህርት ብዬ ሆሳዕና አክስቴ ቤት ነበርኩ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንዲት ባልቴት ቤት ተሰብስበን እንጸልይ ነበር። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

የጣቢያው የሴቶች ክፍል ጠባብ ነው። ከጣሪያው ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ወለሉ እርጥብ፣ ሽታው የሽንትና የበሰለ ቅቤ ነው። ቅቤው ከየት እንደመጣ ያወቅሁት ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ነው። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀሚሷ ከጡቷ እስከ ጉልበቷ ቅቤ ጠጥቷል።

“አንቺ ደግሞ ምን ሰረቅሽ?” አለችኝ።

“አልሰረቅኩም፣ እትዬ። ስንጸልይ ነው የመጡብን።”

“ጴንጤ ነሽ በይኛ!” ሳቀች። “እኔ የገበያ ቀራጭ በቅል ፈንክቼ ገባሁ፣ አንቺ በጸሎት። እኔ እሻላለሁ። ቢያንስ እጄ ረክቷል።”

ሰኞ ጠዋት መቶ አለቃው ቢሮ አስገቡኝ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ግድግዳው ላይ ጃንሆይ አሉ። መቶ አለቃው ይጮሃል ብዬ ነበር የፈራሁት፤ እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው። ያ ይበልጥ አስፈራኝ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

ከአንድ እስከ ሃምሳ ቁጥር አለ። ከየቁጥሩ ጎን ስም አለ። ሠላሳ ስድስቱ ስሞች በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል።

“እሺ፣ ይሄ አስራ ስድስት ቁጥር” አለ። “ሰረዛችሁት። ሰውየው ባለፈው ሳምንት ተቀበረ። ሃያ ሁለት ቁጥር። ሰረዛችሁት። በቅሎ ጥላው እግሩ ተሰብሯል።” ጣቱን ወደ ታች አወረደ። “ሠላሳ ስምንት ቁጥር እኔ ነኝ። ተራዬ መቼ ነው?”

“ነገ” አልኩት።

ጥጉ ላይ የቆመው ዘበኛ አማተበ። መቶ አለቃው ማተቡን በሁለት ጣቱ ያዘ። ድግምት መስሎት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚያስተምረን አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። በፋሲካ ዕለት ስለ በዓለ ሃምሳ ነገረን። በዓሉ ከሐዋርያት በፊት የአይሁድ የመከር በዓል እንደነበር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን የእህል ነዶ ካቀረቡበት ቀን ጀምረው ሰባት ሳምንት ይቆጥራሉ፤ በሃምሳኛው ቀን በአዲሱ ስንዴ፣ በእርሾ የተጋገረ ሁለት እንጀራ ይዘው ይቀርባሉ። መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደው ይህ በዓል ሲከበር ነው፤ ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ ኢየሩሳሌምን ሞልቶ ነበርና፣ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ሰማ። “እኛስ ምን ይዘን እንቀርባለን?” አለ መምህሩ። በዚያ ወር በእኛ አገር የሚታጨድ የለም፤ ገብሱ ገና ቡቃያ ነው። “እንግዲያው ነዶ ከሌለን ሰው እንቁጠር” አለን። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቤት መርጠን፣ አንዳችን በሀዲይኛ፣ አንዳችን በከምባትኛ፣ አንዳችን በአማርኛ ልንጸልይለት ተስማማን። ስሞቹን በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ የጻፈው እሱ ነው። የተጸለየለትን በቀይ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

ይህን ሁሉ፣ የመምህሩን ነገር ትቼ፣ ለመቶ አለቃው ነገርኩት። አማርኛዬ ያን ጊዜ ገና ነበር፤ ፍርሃቱ ሲጨመርበት ይብስ ተሰባበረ። አስራ ስድስተኛውን ሰው በታመመ ጊዜ ነው የጻፍነው አልኩት። ስለ ሃያ ሁለተኛው ሰው በቅሎ ግን አናውቅም አልኩት።

ሰምቶ ሲጨርስ ጣቱን ጽሕፈቱ ላይ አሳረፈ። “ይሄ የተማሪ ጽሕፈት አይደለም። የማን ነው?”

መምህሩ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ተጠርቶ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ሁለተኛ ከተገኘ ከሥራው ተባርሮ ወህኒ እንደሚወርድ አስፈርመውታል። አራት ልጆች አሉት፤ ትንሿ ገና በእግሯ መሄድ አልጀመረችም።

“አላውቅም በይና ልምታሽ” አለኝ።

“አውቃለሁ” አልኩት። “ግን አልናገርም።”

አንድ ጊዜ በጥፊ መታኝ። “እስከ ነገ አስቢበት” ብሎ መለሰኝ።

ቅቤ ነጋዴዋ ጉንጬን አየች። የሆነውን ሁሉ ጠየቀችኝ።

“የእኛም እኮ ሃምሳ ቀን ነው” አለች። “እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለ፣ ስግደት የለ። ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። መቶ አለቃው መብላቱን እንጂ መቁጠሩን አያውቅማ!” ከዚያ ጠጋ አለችኝ። “ስሚ ልጄ፣ ስሙን ንገሪውና ውጪ። አስተማሪ አይደል? ለራሱ መናገር ያውቅበታል።”

እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ተነስቼ በሩን ላንኳኳ እጄን አንስቻለሁ። ስሙን በአፌ ውስጥ አዘጋጅቼው ነበር። ለምን እንዳላንኳኳሁ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቀውም።

ማክሰኞ ጠዋት ስገባ መቶ አለቃው አልተላጨም። እንቅልፍ እንዳልወሰደው ዓይኑ ይናገራል።

“የማን ጽሕፈት ነው?”

“አልናገርም፣ ጌታዬ።”

ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

“እሺ፣ እኔን ምን ልትሉኝ ነበር? እዚሁ በይ። በአማርኛ፣ ልስማው።”

ጠረጴዛውን ያዝኩ። “ጌታ ሆይ” አልኩ፣ “ይህን ሰው ከቤተ ሰቡ ጋር ጠብቅ። ዕድሜ ስጠው። ለሰው እንዲራራ እርዳው። አሜን።” የተመታው ጉንጬ ገና አብጦ ነበርና ቃላቱ ተንሻፈው ነው የወጡት። ግን የጸለይኩት ከልቤ ነው፤ ቀኑ የእሱ ነበር።

ዘበኛው ቀስ ብሎ “አሜን” አለ።

ዓይኔን ስገልጥ፣ በልማዴ እጄ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው እስክሪብቶ ሄደ።

“ተይ!” መቶ አለቃው ደብተሩን ነጠቀኝ። “እንዳትሰርዢኝ!”

ዘበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

መቶ አለቃው ግን አልሳቀም። ሃምሳው ቀን እስኪሞላ እንድቆይ አዘዘ፤ እስከዚያ አንድ ነገር ቢደርስበት ዋ አለኝ። ስለዚህ ወደ ክፍሌ ተመልሼ ለእሱ ጤና ጸለይኩ። በሕይወቴ ለማንም ሰው ጤና እንደዚያ አጥብቄ ጸልዬ አላውቅም። ቅቤ ነጋዴዋ በሩ ስንጥቅ ላይ ዓይኗን አድርጋ ትጠብቀው ነበር። “ዛሬ ሳል ይዞታል፣ አለቀልሽ” ትለኛለች። ቀልድ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ እንደገና ተንበርክኬ እጸልይ ነበር።

ሳሉ ለቀቀው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት፣ ሁለተኛ እንዳልሰበሰብ አስጠንቅቆ ለቀቀኝ። ደብተሩን አልመለሰልኝም።

መምህሩን ያገኘሁት በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ ነው። ከስቶ ነበር። ልብሱን ጠቅልሎ በር በሩን ሲያይ እንደሰነበተ ሚስቱ በኋላ ነገረችኝ።

“ምን ጠየቁሽ?” አለኝ።

“ስለ በዓለ ሃምሳ ጠየቁኝ” አልኩት። “ያስተማሩንን ነገርኳቸው።”

ፊቴን ትክ ብሎ አየ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት አስተማረ፤ አራቱንም ልጆች አሳደገ። በቀብሩ ላይ ስለ ሥራው ብዙ ሲነገር እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ እሰማ ነበር።

ዛሬ ማንም አይከለክለንም። በዓሉ ሲመጣ ሰባኪዎቻችን ስለ ነፋሱና ስለ እሳቱ ይናገራሉ፤ ወጣቶቹም ጣሪያው እስኪናጋ ይዘምራሉ። ደስ ይለኛል። እኔ ግን ነፋሱም እሳቱም ከመምጣታቸው በፊት፣ በር ዘግተው ስለተቀመጡት ሐዋርያት ነው የማስበው። ፈርተው ነበር። እንደዚያው እንደፈሩ ጠበቁ።