ከድሮው ዳቦ ቤት ፊት ለፊት

ዛሬ ጠዋት አንድን ሰው የስፌት መኪና እንደተሸከመ ፒያሳ ባዶ ሜዳ ላይ አቆምኩት። ያቆምኩት በእጄ ጎትቼ አይደለም፤ ከሁለት ወር በፊት በጻፍኩት አራት መስመር ነው።

ከጊዮርጊስ ቁልቁል ስወርድ አየሁት። አርባ ዓመት ግድም የሚሆነው ጠንካራ ሰውዬ ነው። የመኪናውን ራስ ትከሻው ላይ አድርጎ በአንድ እጁ ደግፎታል፣ በሌላው ስልኩን ይዟል። ያነባል፣ ቀና ይላል፣ ደግሞ ያነባል። አዲስ በተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ላይ ከእሱና ከአንድ ችግኝ በቀር የቆመ ነገር የለም።

«አባባ፣ ይቅርታ፤ እዚህ አካባቢ ዳቦ ቤት አለ?»

«እንዴታ!» አልኩት በኩራት፣ በከዘራዬ አየሩን እየጠቆምኩ። «የቆምክበት ላይ ነው። በሩ በዚህ በኩል፣ ምድጃው በዚያ በኩል።»

«የታለ?»

«አሁንማ ፈርሷል።»

ሰውዬው ከዘራዬን አየ፣ አየሩን አየ፣ እኔን አየ። «የስፌት መኪና የሚጠግን ሰው ብዬ ኤአይ ስጠይቀው ይሄን ነው የሚለኝ» ብሎ አነበበልኝ፦ ከድሮው ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ባለው ቅያስ ወረድ ብለው፣ ቧንቧው ጋ ሲደርሱ በስተግራ፣ ማንንም ቢጠይቁ ያሳይዎታል።

ቃል በቃል የእኔ ነው። አራት ነጥቡ ሳይቀር።

«ማንን ነው የምጠይቀው? ችግኙን?» አለ። «ይሄን የጻፈውን ሰውዬ ባገኘው!»

«ደንቆሮ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «የለየለት ደንቆሮ።»

«ሰክሮ ሳይሆን አይቀርም የጻፈው።»

እሱስ መጠጥ አይወድም ልል ነበር፤ ምላሴን ነክሼ ያዝኩት። «ጠጋኟን ሴትዮ አውቃታለሁ፤ ና ላድርስህ» ብዬ ከፊቱ ቀደምኩ። ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስንወርድ ልናዘዝ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ሦስት ጊዜ ስለ አየሩ አወራሁ። ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ ልናገር።

ጡረታ እስክወጣ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ፤ የሰው ስህተት እያደንኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሰፈራችን ሲነሳ ጎረቤቶቼ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ፤ የእኔ ቤት ከመስመሩ ማዶ ሆና ተረፈች። ዕድለኛ ነህ ይሉኛል። ዕድለኛው ሰውዬ ጠዋት በሩን ከፍቶ እንዴት አደራችሁ የሚለው ሰው ሲያጣ፣ በሩን ራሱን እንዴት አደርክ ይለዋል።

አንድ ቀን ማኪያቶ ቤት ተቀምጬ ከጎኔ ያለው ጎልማሳ ስልኩን «ፒያሳ ጥሩ ፀጉር አስተካካይ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። ስልኩ ቦሌ ላከው። የእኔ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛጋል። ነገሩ ከነከነኝ። እየቆየሁ ስመረምረው ኤአይ የሚሉት ጠንቋይ አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው የጻፈለትን ነው። የአራዳን ባለሙያ ደግሞ ማን ጽፎት ያውቃል? ስማቸው በሰው አፍ ነበር የሚኖረው፤ አፉም ተበተነ።

እናም ጀመርኩ። በየሱቁ እየገባሁ ምን ይሠራሉ፣ ስንት ሰዓት ይከፍታሉ፣ ከሁሉ የሚችሉት የቱን ነው እያልኩ ጠይቄ፣ በንጹሕ አማርኛ ጽፌ፣ ካርታው ላይም ኢንተርኔቱ ላይም አወጣላቸዋለሁ። ውሸት አልጽፍም። ስለ ፀጉር አስተካካዩ «እጁ ወርቅ ነው፤ ኳስ ካነሳችሁበት ግን ጆሯችሁን ጠብቁ» ብዬ ጻፍኩ። ኤአይ ይህን ወስዶ «ደንበኞች ስለ ስፖርት ያለውን ጥልቅ ፍቅር ያደንቁለታል» አለው። እንደዚህ ያለ አራሚ በዘመኔ አላየሁም።

ከሁሉ የተጨነቅኩት ግን ለስፌት መኪና ጠጋኟ ነው። ሙያውን ከአባቷ ነው የወረሰችው። ሱቋ ከነረድፉ ሲፈርስ ድልድዩ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየች። የሚያውቋት ልብስ ሰፊዎች ግን ሁሉም በየአቅጣጫው ሄደዋል። «እስከ ሰኔ መጨረሻ ደንበኛ ካልመጣልኝ ክፍሉን ለቅቄ ቢሾፍቱ እህቴ ጋ እገባለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። እሷ ከሄደች በዚህ ቁልቁለት ላይ ስሜን ጠርቶ የሚሰድበኝ ሰው እንኳ አይኖረኝም። ስለዚህ አራቱን መስመር ጻፍኩላት።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሥራዬ ኤአዩን መፈተን ሆነ። አንድ ቀን የኮልፌ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሌላ ቀን መኪናዋ እምቢ ያላት የሙሽራ እናት ነኝ። ሁልጊዜ እሷ ጋ ይልከኛል። አመሰግናለሁ ስለው «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ይላል። አንዳንድ ቀን እንዳይሄድብኝ ብዬ ሌላ ነገር እፈልግለታለሁ፤ የክረምት ልብስ ስለማጠብ፣ ስለ ጉልበት ቁርጥማት። የቀኑ ረጅሙ ወሬዬ እሱ ነው፤ የሙሽራ እናት ሆኜ የማወራው።

እሷ ጋ ግን ሰው አይመጣም። «ታገሺ፣ ኤአይ ቀስ እያለ ነው የሚለማመደው» እላታለሁ፣ እንደ ትልቅ አዋቂ።

ዛሬ ክፍሏ ስንደርስ ግማሹ ዕቃ በካርቶን ታስሯል። መኪናውን ከሰውዬው ትከሻ ላይ ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አሳረፈችው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ደንበኛ ይዘው መጡ? ኤአዩ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«የታችኛው ክር አይነሳልኝም» አለ ሰውዬው። «አንቺን ለማግኘት ግን ሰማይ ነው የወጣሁት። ይኸው፣ እዪው።» ስልኩን ሰጣት።

ካቻቢቴዋን እንደያዘች አነበበች። አንብባ ስትጨርስ ወደ ሰውዬው ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ዳቦ ቤቱ የት አለ?»

«እኔ እኮ... ሳስበው አለ።»

«እርስዎ ነዎት?» ሰውዬው ከዱካው ላይ ተነሣ።

«ደንቆሮው እኔ ነኝ» አልኩ። «ስካሩን ግን አልቀበልም።»

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ሌላም ሰው በዚህ መጥቷል?» አለችው።

«ጓደኛዬ መጥቶ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። ዞሮ ዞሮ ሲያጣሽ ቤቷ ፈርሷል ብሎ ተመለሰ። እዚያው ያገኘው ሌላ ሰውም ሲፈልግሽ ነበር አሉ። እኔ ግትር ስለሆንኩ ነው።»

«መጥተው ነበር ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። ሁለት ወር ሙሉ ሰው የረሳት መስሏት ነው ካርቶን ያሰረችው። «ስልኬንስ ለምን አልጻፉትም?»

«ወደ ሱቅ ይኬዳል እንጂ ይደወላል እንዴ ብዬ...»

መኪናውን ፈታች፣ ጠረገች፣ ዘይት ጠብ አደረገች። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ፣ ነገ ሰው ይመጣል፣ ገና ሰኔ እኮ አላለቀም እያልኩ እቀባጥራለሁ።

«ትናንት ለአከራዬ ቃሌን ሰጠሁ፣ ጋሼ» አለች ቀና ሳትል። «ክፍሉን ሌላ ሰው ይዞታል። ቅዳሜ ዕቃዬ ይጫናል።»

በአንድ ቀን ዘገየን። ያ ግትር ሰውዬ ትናንት ግትር ቢሆን ኖሮ። ወይም እኔ በዚያች ቅያስ አንዴ እንኳ ስልኬን እያየሁ ብወርድባት ኖሮ፤ እግሬ እንጂ ዓይኔ አይደለም እኮ መንገዱን የሚያውቀው።

ቁራጭ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስገብታ መዘውሩን አዞረች። ክሩ ተነሣ፤ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሰውዬው ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየውና «ቢሾፍቱም ብትሆኚ እመጣለሁ፤ ሠፈራችን የተበላሸ መኪና ሞልቷል» አላት። ያኔ ፊቷ ፈታ አለ። እኔም ደስ አለኝ፤ ግማሽ ጎኔ ብቻ።

«በሉ እንግዲህ ቁጭ ይበሉና የቢሾፍቱውን መንገድ ይጻፉ» አለችኝ። «የቆመ ነገር ብቻ!»

ካርቶን ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። ስልኳን መጀመሪያ፣ ከዚያ ከመናኸሪያው የሚወጣውን መንገድ፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱን።

«ትምህርት ቤቱ ቆሟል?»

«ቆሟል።»

«ወፍጮ ቤቱስ?»

«ቆሟል አልኩ እኮ! ይጻፉ!»

ስሰናበታት እስከ በሩ ሸኘችኝ። «መጀመሪያ የሚመጡት እርስዎ ነዎት» አለች። «ማንንም ሳይጠይቁ፣ የጻፉትን ብቻ ይዘው። እርስዎን ካደረሰዎት ሌላውንም ያደርሳል።»

«ብጠፋስ?»

«ከጠፉ ደንቆሮው እርስዎ ነዎት፤ ማንንም አይሳደቡ።»

«እሺ፣ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ የድሮውን አጥፍቼ አዲሱን አወጣሁት። ሦስት ጊዜ አረምኩት። ኤአይ ሲያነበው ሰውን ሁሉ በትክክል ወደ ቢሾፍቱ ይልካል፤ ከእኔ ሰፈር አርቆ። ከሰዓት በኋላ የሙሽራ እናት መሆን አላሰኘኝም፤ ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ማንንም ሳላናግር መዋሉንስ ለምጄዋለሁ፤ ችግሬ ጉልበቴ ነው። ቢሆንም ቃል ገብቻለሁ። ለሴትዮዋ አንድ መንገድ አለብኝ፦ ከመናኸሪያው እስከ በሯ፣ በገዛ ጽሑፌ።