ያጠፋኋቸው አራት ቅዳሜዎች

ለነፍስ አባቴ ሐሜቴንም ጾም መግደፌንም ስናገር ኖሬያለሁ፤ ይህን ግን አንድም ቀን ከአፌ አላወጣሁትም። "ልጄ፣ ሌላ የቀረ አለ?" ሲሉኝ "የለም አባ" እላቸዋለሁ። አለ። ለማታውቁኝ ለእናንተ መንገሩ ይቀለኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። ፀዳለና እኔ የጉለሌ ልጆች፣ ያውም የአንድ ቀበሌ ልጆች ነበርን፤ ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ እናጠና ነበር። በክፍሉ ውስጥ ሴቶች እኛ ብቻ ነን። ፊዚክሱን እየተንገዳገድኩም ቢሆን እገፋው ነበር፤ ቢያንስ የሚወድቅ ድንጋይ፣ የሚሳብ ገመድ አለው። አብስትራክት አልጀብራ ግን ምኑ ይያዛል? ቁጥር የሌለበት ሒሳብ። ግሩፕ፣ ሰብግሩፕ እየተባለ ሰሌዳው ይሞላል፤ እኔ እገለብጣለሁ፤ አንዱም አይገባኝም። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅኩ። ሁለተኛውን ከወደቅኩ መባረሬ ነው።

ፀዳለ ይገባት ነበር። ያውም ሳትለፋ። ያኔ ያናድደኝ ነበር፤ ዛሬም ያናድደኛል።

ያን ጊዜ እኛ ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት እናስተምራለን። ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለውን መዝገብ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ፈተናው ሲቃረብ ፀዳለን ለመንኳት።

"ቅዳሜን ተይውና እኔን አስተምሪኝ። መዝገቡ እጄ ላይ ነው፤ መጥታለች ብዬ ምልክት አደርግልሻለሁ።"

"እናቶቹስ? ሀ ሁ አስጀምሬያቸው ማን ያስጨርሳቸው?"

"ለእነሱ ሌላ አስተማሪ ይገኛል። እኔ ከተባረርኩ ግን አለቀልኝ።"

"አንቺ እኮ ስትለምኚም ትቆጫለሽ" ብላ ሳቀችና እሺ አለች።

አራት ቅዳሜ መዝገቡን ሞልቼ በጓሮ በር እወጣና ቁስቋም ማርያም ግቢ ጥግ እንቀመጣለን። ከካርቶን አራት ማዕዘን ቆርጣ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ቁጥር ጽፋ፣ "አዙሪው። አሁን ገልብጪው። አየሽ፣ ምንም ብታደርጊው ያው ቦታው ላይ ነው የሚያርፈው" ትለኛለች። ገባኝ። እኔም ቃሌን ጠብቄ አራቱንም ቅዳሜ በስሟ ትይዩ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ።

ከፈተናው በፊት የአልጀብራው መምህር ሰሌዳ ላይ አወጣኝ። ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ፤ የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ። "እህቴ፣ የባልትና ትምህርት ቤቱ በዚያ በኩል ነው" አለኝ በሩን እያሳየ። ወንዶቹ ሳቁ። የእነሱን ለምጄዋለሁ። ፀዳለም ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፍና ነው፤ ግን ሳቀች። መምህሩማ ካድሬ ሲያይ ድምፁ የሚጠፋ፣ ሴት ተማሪ ላይ የሚጀግን ሰው ነበር። የመታሁት ግን እሱን አይደለም።

ፈተናውን አለፍኩ። እሷ ባስተማረችኝ አለፍኩ። በዚያው ሰሞን ፀዳለ ለውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል ታጨች፤ የቀራት የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ከደብዳቤው በፊት ግን የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ አለ፤ ጓደኛ ተነስቶ የጓደኛውን ጥፋት ይናገራል፣ የተነገረበትም ተነስቶ መልስ ይሰጣል። በዋዜማው መዝገቡን ገለጥኩ። በስሟ ትይዩ ያሉትን አራት ምልክቶች በላጲስ አጠፋሁ። የራሴን አልነካሁም።

በማግስቱ ተነስቼ "ጓዲት ፀዳለ ሰፊውን ሕዝብ ማስተማር ትታ አራት ቅዳሜ ቀርታለች" አልኩ።

ሊቀመንበሩ መዝገቡን አይቶ "የት ነበርሽ ጓዲት?" አላት።

ዞር ብላ አየችኝ። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። "እሷን ሳስተምር ነበር" ብትል መዝገብ በማጭበርበር የምታሰረው እኔ ነኝ። "ሂሱን እቀበላለሁ" ብላ ተቀመጠች።

ደብዳቤው ተከለከለ፤ ዕድሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ፀዳለ ሩቅ ክፍለ ሀገር ተመድባ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራ ጡረታ ወጣች።

ለዓመታት በዚያች ዝምታዋ ስናደድ ኖርኩ። ማን አድኚኝ አላት? ለምን አላጋለጠችኝም? ያን ጊዜ ተቀጥቼ እገላገል አልነበረም? እስቲ ፍረዱ፤ በዳይዋም እኔ፣ ቂመኛዋም እኔ።

አሁን ጳውሎስ አካባቢ ትኖራለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ "እንዴት ሰነበትሽ እህቴ" ትለኛለች። አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። መምህሩ አዋርዶኛል፣ ዘመኑም ክፉ ነበር፣ እሷም ስቃብኛለች። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን እጄን ይዞ አላስጠፋኝም። ይቅር በሉኝ አልልም። ያን ቀን በአዳራሹ መባል የነበረበትን ግን ልበለው፦ ፀዳለ የቀረችው እኔን ስታስተምር ነው። ለምኜ ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ ምልክቱንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።