መቀሱ የሚጠብቃት ድምፅ

አባቴ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ የማያፈርሰው ደንብ አለው። ለክቶ ጠርዙን በመቀስ ትንሽ ነካ ያደርግና ቀሪውን በሁለት እጁ ይቀደዋል። ከስፒከሩ የሚሰማው ቴነር፣ ቀጭን ድምፅ ያለው የኦፔራ ዘፋኝ፣ ወደ ከፍተኛዋ ድምፅ እየወጣ ከሆነ ግን አይቀድም። ገዢው ቢቸኩልም መቀሱን አንስቶ ይጠብቃል።

ዘፋኙን የለመደው ከወሎ እንደመጣ፣ በወጣትነቱ፣ አንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ ነው። ጎረቤቶቻችን "የፈረንጅ መንዙማ" እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ቋንቋውን እሱም እኔም አናውቀውም። ልጅ ሳለሁ ኦፔራ ማለት ጩኸት ይመስለኝ ነበር። ይህ ሰው ግን አይጮህም። ድምፁ ቀላልና ጥርት ያለ ነው፤ ላይ ሲደርስ እንኳ የሚታገል አይመስልም። ሌላው ጉልበቱን በሚያሳይበት ቦታ ላይ እሱ ድምፁን ያሳንሰዋል፣ እንደ ክር ያቀጥነውና ይለቀዋል። ያን ጊዜ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይላወሳል፤ ደስታ ይሁን ሐዘን እስከ ዛሬ አልለየሁትም። "አወጣጡን ተይው፤ አጨራረሱን ስሚ" ይለኝ ነበር አባቴ።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ ድምፁ ጫፍ ላይ እንዳለ ጨርቅ ተቀደደ። ቀና ስል አባቴ እንደ ልማዱ "ለደስታ ያድርግልሽ" እያለ ገዢዋን ይሸኛል። ፍርሃት ፍርሃት አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ከእሱ ላይ መንቀል አቃተኝ። አዛን ሲባል ዝም ብሎ ይቀመጥና ጎረቤቶቹ ሲነሱ አይቶ ይነሳል። ስፒከሩን በየጊዜው ከፍ ያደርገዋል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ጆሮው ደህና እንደሆነ፣ ያረጀው ስፒከሩ እንደሆነ ነገረኝ። የእኛ መንገድ ደግሞ ጆሮ ለሌለው ሰው አይሆንም። ተሸካሚው ጭነቱ ፊቱን ስለሚሸፍንበት የሚያምነው ጩኸቱን ነው፤ "ዞር በል!" ሲል መንገዱ ይለቀቅለታል። አንድ ቀን ከሰዓት አባቴ ኮቱ ትከሻው ላይ ተተርትሮ ገባ። ጋሪ ነክቶት ነው። ባለጋሪው ድምፅ ሳያሰማ እንደመጣበት ተናገረ። የባለጋሪውን ጩኸት ግን እኔ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጎልማሳ መጣና ነጩን አቡጀዲ በጣቱ አሳየ። ለእናቱ መገነዣ፣ ለከፈን፣ እንደሆነ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። የከፈን ገዢ ሲመጣ ዘፈኑን መዝጋትና ማጽናናት የአባቴ የራሱ ደንብ ነው፤ አንድም ቀን ዘንግቶት አያውቅም። ያን ዕለት ግን ወደ ስፒከሩ ዞር ሳይል ጣቃውን አውርዶ መለካት ጀመረ። ዘፈኑን ከኋላው ሆኜ እኔ ዘጋሁት።

ጠርዙን በመቀስ ነካ አደረገና ቆመ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መቀሱን እንዳነሳ ጠበቀ። ሱቁ ጭር ብሏል። ሰውየው እኔን ያየኛል፤ እኔ ነጩን ጨርቅ አያለሁ። ዘፈኑን ከአባቴ ፊት ላይ ተከተልኩት። ወጣ፣ ጫፍ ላይ ቆየ፣ ቀጠነ፣ አለቀ። ያኔ አቡጀዲውን ቀደደው።

አጥፎ ለሰውየው ሰጠውና ፈገግ አለ።

"ለደስታ ያድርግልህ፣ ልጄ።"

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"ዛሬ ጥርት ብሎ ወጣ፣ አይደል?"

"አዎ፣ አባባ" አልኩት። ከንፈሬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ጎረቤቶቻችን ለሶላት ሲነሱ አየና የተሰፋውን ኮቱን ለበሰ። ከመንገዱ "ዞር በል!" የሚል ጩኸት እየቀረበ ነበር። ሱቁን ክፍት ትቼ ተከተልኩት።