የቀጥቃጩ የነፃ ወረቀት

ሆስፒታል ሥራ የገባሁ ቀን ሱዎራ ነጭ ጋዋን አለበሰችኝና ሦስት ወንበር ብቻ ያለበት ክፍል አስገባችኝ። ሱዎራ የምንላት የአስታማሚዎቹ አለቃ የነበረችውን ጣሊያናዊት መነኩሲት ነው። እኔ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መቀቀል፣ ፋሻ መጠቅለል የተማርኩ ድሬሰር ነኝ። በክፍሉ ግን ጥጥ የለ፣ አልኮል የለ። «ዕቃው የታለ?» አልኳት። «ጣሊያንኛ ትችያለሽ አይደል? ዕቃው ምላስሽ ነው» አለችኝ። ተናደድኩ። ለአስተርጓሚነት ነው እንዴ ያን ሁሉ ዘመን የደከምኩት!

ጊዜው የንጉሡ ነው፤ ኤርትራ አሥራ አራተኛ ጠቅላይ ግዛት ተብላለች። አስመራ ላይ የነርቭ ሐኪማችን አንድ ጣሊያናዊ ነበር፤ ዶቶሬ እንለዋለን። በሽተኛውን በንግግር ያክማል። እሱ በጣሊያንኛ ይጠይቃል፣ እኔ ወደ ትግርኛ እመልሳለሁ፤ በሽተኛው ይናገራል፣ እኔ ወደ ጣሊያንኛ እመልሳለሁ። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አታጽናኚ። ሰውየው ሲያለቅስ መሐረብ እንኳ አታቀብዪ። እኔን የመሰለች አፈ ሰፊ ለዚህ ሥራ ማን እንደመረጣት እግዜር ይወቀው።

ክፍያው በየመግቢያው ነው። ያልከፈለ አይገባም። ሰው ደግሞ ለመርፌ አንጀቱን አስሮ ይከፍላል፤ ለንግግር ክፈል ሲባል ግን ይጣላል። አንድ ሽማግሌ የገንዘብ መቀበያውን መስኮት በከዘራቸው እየደበደቡ «ለወሬ? እኔ እንዳ ሻሂ ገብቼ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ቀኑን ሙሉ አወራለሁ!» ብለው ሄዱ። እውነታቸውን ነው፣ ምን ይባላል።

ኪዳነን ያመጣችው ሚስቱ ለተብርሃን ናት። መደበር ገበያ ውስጥ የዘይት በርሜል እየቀደደ ምድጃና መጥበሻ የሚሠራ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ቀኝ እጁ መዶሻ ሲያነሳ ይንቀጠቀጣል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ጸበል ተወስዷል፣ መርፌ ተወግቷል፣ ምንም የለ። «ቤቱ የቆመው በዚያች እጅ ነው፣ ሓፍተይ» አለችኝ። አራት ልጆች አሏቸው።

መጀመሪያ «እወ» እና «ኣይፋል»፣ አዎና አይደለም፣ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣውም። ዶቶሬ አይቸኩልም። በየማክሰኞው ስለ በርሜል ይጠይቀዋል፣ የትኛው ቆርቆሮ እንደሚለሰልስ፣ ኪዳነም በጥቂት በጥቂቱ መመለስ ጀመረ። አንድ ማክሰኞ ግን ማንም ሳይጠይቀው የታናሽ ወንድሙን ነገር አነሳ።

ልጁ የንጉሡን ጦር ሊዋጋ በረሃ ወጥቶ ነበር። ወታደሮች ገደሉትና ሬሳውን በነኪዳነ አገር ገበያ መሐል አጋደሙት፤ የሚያውቀው ካለ ይምጣ ተባለ። ዘመድ ነኝ ያለ ይታሠራል። ኪዳነ ብረት ሊገዛ ወርዶ እዚያው ደረሰ። አንዱ ወታደር ክንዱን ይዞ «ታውቀዋለህ?» አለው። «ኣይፋል፣ አላውቀውም» ብሎ በቀኝ እጁ አማተበና አለፈ። እናቱ እስከ ዛሬ ልጇ በሕይወት ያለ ይመስላታል።

ይህን ሁሉ ወደ ጣሊያንኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሲያልቅ ዶቶሬ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠረው።

ከዚያ በኋላ ኪዳነ ለሚስቱም ነገራት፤ ይተኛም ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ሻሂ ሳያፈስ ጠጣ። «መዶሻውን አነሳሁት፤ ግን ቶሎ ደከመኝ» አለ። ዶቶሬ «ገና ነው፤ እስከ ክረምት ይምጣ» አለ። ለተብርሃን እጄን ይዛ «የቐንየለይ፣ የቐንየለይ» ብላ እያመሰገነች ሳመችኝ።

እስከ ክረምት ግን በምን ይከፈላል? የሰርጓ ወርቅ አልቋል። ዕቁቧን አስቀድማ በልታለች። ፓራዲዞ ሰፈር ወዳለው ዕድራቸው ሄደች። ሰብሳቢው «ልጄ፣ ደንባችን ለሞተ ነው የሚከፍለው» አሏት።

«እንግዲያ እስኪሞት ልጠብቅ፣ አቦይ?» አለቻቸው።

ገንዘብ ተቀባዩ ታዲያ የነፃ ሕክምና ወረቀት ከወረዳ ጽሕፈት ቤት አምጪ አላት። ለድኃ የሚሰጥ ነው፤ ማኅተም ካረፈበት መስኮቱ ጋ መቆም ቀረ። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ለሁሉም የሚለውን ነው ያላት። እሷም በደስታ እየበረረች ሄደች።

ጸሐፊው ድህነቷን አልተጠራጠረም። ጫማዋን አይቶ አመነ። «ሕመሙ ምንድነው? ከምን መጣ? ሰነፍ ሁሉ ታመምኩ እያለ አስቸገረን» አላት። እሷ ደግሞ ምስኪን፣ ያሳዘነ ማኅተም ያገኛል ብላ በተሰባበረ አማርኛዋ «ወንድሙን ገድለውበት ነው፣ ጌታዬ» አለች።

«ማን ነው የገደለው?»

ያኔ ነው የነቃችው። «እኔ እንጃ» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ጸሐፊው ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የሥራ ቦታውን ጽፎ ማኅተሙን መታላት።

ማክሰኞ ሲመጡ ወረቀቱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አሳየችኝ። ኪዳነ ከኋላዋ ቆሟል። «ምን ብለሽ ሰጡሽ?» አላት። ነገረችው። ፊቱ አመድ መሰለ። ገብቶ ተቀመጠ፣ ዶቶሬ ጠየቀው፣ እኔ ተረጎምኩለት፤ እሱ ግድግዳውን ያያል።

ዶቶሬ የሆነውን ከእኔ ሲሰማ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «ወረቀቱን ቅደዱት! ክፍያው ከደመወዜ ይቆረጥ» አለ። ይህንንም ተረጎምኩለት።

«ወረቀቱ ቢቀደድ የሰማው ሰውዬ ጆሮ ይቀደዳል?» አለ ኪዳነ። ቀጥሎ «ሆድ ይፍጀው» አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

በዚያው ሳምንት ካፖርት የለበሰ ሰው ኮሪደር ላይ አስቆመኝና «ያ ቀጥቃጭ ምን ምን ይላል?» አለኝ። «ራሴን ያመኛል ይላል፣ ጌታዬ» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አይቶኝ ሄደ። እኔም ሱዎራ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ለተብርሃን ግን ተስፋ አልቆረጠችም። «አሁን እኮ ነፃ ነው፣ ለምን እናስቀረው?» እያለች እስከ ክረምት አመላለሰችው። ዶቶሬ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ኪዳነ ዝም። እጁ እንደገና ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጉልበቱ መሐል ቀብሮ ይይዘዋል። እኔም ሕጉን ጥሼ «ኪዳነ፣ በእናትህ፣ አንድ ቃል» ብዬዋለሁ። ወይ ፍንክች።

ከክረምት በኋላ መደበር በእግሬ ሳልፍ እጁ ባልዳነው በኪዳነ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ይቀጠቅጣል። ለተብርሃን ከጎን ተቀምጣ የዚያን ሰው ምድጃ ትሸጣለች። አየችኝና ዞር አለች። አልፈረድኩባትም።

ለአዲሶቹ ድሬሰሮች የምነግረው ይህን ብቻ ነው። በሽተኛ መክፈል ሲያቅተው ወደ ነፃ ወረቀት ከመላካችሁ በፊት፣ ወረቀቱን የሚሰጠው ሰው ምን እንደሚጠይቅ ጠይቁ። ለበሽተኛውም አስቀድማችሁ ንገሩት።