የካርቶን ኮምፒውተሮቹ

ዲን የነበረው ሰውዬ ዛሬም አየር ጤና ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። እመልስለታለሁ። ከዚያ ያለፈ የለንም። ስሙን አልጽፍም፤ ራሱን ያውቃል።

ኮልፌ በሚገኝ አንድ የሙያ ኮሌጅ የኮምፒውተር ጥገና አሰለጥን ነበር። አንድ ዓመት ለክፍላችን አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡ። ዲኑ በጠረጴዛዎቹ ላይ አስደረደራቸውና ከነላስቲካቸው እንዲቀመጡ አዘዘ።

«ልጆቹ የተግባር ምዘና አለባቸው» አልኩት። «ፈትታችሁ ግጠሙ ይባላሉ።»

«እናቴ፣ የመንግሥት ንብረት ነው። ቢበላሽ እርስዎ ይተካሉ?»

«ካልተነካ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ይታያል» አለኝ።

ኮምፒውተሮቹ የመጡባቸውን ካርቶኖች ግን አልከለከለንም። ሰልጣኞቼ በካርቶኖቹ ጎን በር አወጡላቸው፤ ውስጡን ከወረቀትና ከማስመሪያ ስብርባሪ ሠሩ፤ ማብሪያውን የውሃ ጠርሙስ ክዳን አደረጉት። ኮምፒውተር ተገጣጥሞ ሲበራ አንዴ «ጢጥ» ይላል። ካርቶን ስለማይል፣ ጢጥ ማለት የሰልጣኙ ድርሻ ሆነ። የረሳውን ነጥብ እቀንስበት ነበር። ሥራ ላይ ቀልድ አላውቅም።

ምዘናው ሲቃረብ ከበላይ አካል ጎብኚዎች መጡ። ለዚያች ቀን ላስቲኩ ተገፈፈ። ከጎብኚዎቹ አንዷ ወይዘሮ ከሳንሱሲ የምትመላለሰውን ጎበዟን ሰልጣኜን «እስቲ የኔ ልጅ፣ ክፈቺው» አለቻት።

ልጅቷ ማብሪያውን ተጫነች። በጠራ ድምፅም «ጢጥ» አለች።

ኮምፒውተሩ ተከትሎ «ጢጥ» አለ።

ልጅቷ ዘላ ከኋላዬ ተሸሸገች። «መለሰልኝ እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ወይዘሮዋ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። አንዱን ካርቶን አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። የዲኑ ቀን ዛሬ ደረሰ ብዬ ነበር። በሩን ከፈተች፣ ክዳኑን ተጫነችና «ይሄን ማን አሰበው?» አለች።

እኔ አፌን ሳልከፍት ዲኑ «እኛ ነን» አለ። «ወጪ ቆጣቢ የተግባር ሥልጠና እንለዋለን።»

አጨበጨቡለት። ብዙም ሳይቆይ ከሌሎች ኮሌጆች ለልምድ ልውውጥ መጡ፤ ጢጥ አባባሉን ሳይቀር በማስታወሻቸው ያዙ። ለዲኑ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ለኮምፒውተሮቹም አዲስ ላስቲክ ተገዛላቸው።

ያን ጊዜ መቀስ ይዤ ገባሁ። ሰልጣኞቼ እያዩ ላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ቀደድኩት። «ፍቱ» አልኳቸው። መጀመሪያ እንደ ትኩስ ድስት በጣታቸው ጫፍ ነበር የሚነኩት። ምዘናው እስኪደርስ ግን ፈቱ፣ ገጠሙ፣ አንድ ሁለቱን አበላሹ፣ መልሰው አስነሱ። እኔ ንብረት በማውደም ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። የወደመው ንብረት «ላስቲክ» ተብሎ ተጽፏል።

ልጆቹ ምዘናውን አለፉ። ዲኑ የካርቶኑ ውጤት ነው ብሎ ሪፖርት አደረገ፤ ያደርጋል።

የሳንሱሲዋ ልጅ ግን የሆነውን ነገረችኝ። ሁሉን ገጣጥማ ማብሪያውን ስትጫን በሌላው እጇ አፏን ግጥም አድርጋ ይዛለች። መዛኙ «ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?» ቢላት ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልመለሰችለትም። ማሽኑ ራሱ ጢጥ እስኪል ድረስ እጇን አላነሳችም።