ሰማንያ ያልሞላት ልጅ

መርሳ ላይ የመኪናና የፓምፕ መለዋወጫ ነጋዴ ብሆንም፣ እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ቁጥሮች ምሥጢር አስተምር ነበር። ሦስት የሥላሴ ነው፣ ሰባት የፍጹምነት፣ አርባ የፈተናና የመንጻት እያልኩ ከኖኅ ዝናብ ተነሥቼ እስከ ጌታችን ጾም እወርዳለሁ። የሰሚው ራስ ሲነቀነቅ ደስ ይለኛል። እንደኔ የሚያውቅ ያለም አይመስለኝም ነበር።

ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ ሚስቴ ሴት ልጅ የተገላገለች አራስ ነበረች። የሸሸነው ከዋናው መንገድ ወደ ሀብሩ ቆላ ገባ ብለው ወደሚኖሩ አንድ ሙስሊም አዛውንት ነው፤ ለመስኖ ፓምፓቸው ዕቃ የሚገዙት ከእኔ ነበር። “እንግዳ የአላህ ነው” ብለው የቤታቸውን ግማሽ ለቀቁልን። በማግሥቱ ሕፃኗን እያዩ፣ “እናንተ መቼ ነው የምታስጠምቁ?” ሲሉኝ ጊዜ አላጠፋሁም።

“ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው አባባ። አዳም ገነት የገባው በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ።”

“ማሻአላህ! ዕውቀት መልካም ነው” አሉኝ። ስደት ላይ ሆኜም ደረቴ ተነፋ።

ሰማንያው ገና ግማሹም ሳይሞላ ልጅቱ ታመመች። ሰውነቷ ነደደ፣ ጡት መያዝ አቆመች። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ መድኃኒት የሚባል የለም። ሚስቴ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ጠዋት ወሰነች።

“ማዶ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ቄሱ አልሸሹም አሉ። እኔ አራስ ነኝ፣ ሰማንያዬ ሳይሞላ ቅጽሩን አልገባም። አንተ ይዘሃት ግባና አስጠምቅልኝ።”

“ቀኗ አልደረሰም እኮ” አልኳት።

“ለታመመ ይፈቀዳል። ስታስተምር የሰማሁት አንተን አይደለም?”

“ቢሆንም ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። ሔዋን…”

“ሔዋን ትኩሳት ነበራት?” አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያስፈራኝ የቁጥሩ መፍረስ አልነበረም፤ መንገዱ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ለመድረስ ታጣቂዎች የሚመላለሱበትን የጠጠር መንገድ ማቋረጥ ያስፈልጋል። በእኔ ዕድሜ ያለ ወንድ ካገኙ ይወስዳሉ እየተባለ ይወራ ነበር። ፈራሁ ማለት ሞት ሆኖብኝ ሔዋንን ከፊቴ አቆምኳት። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ለልጁ እንደማይሆን ግን የነገረኝ የለም።

አዛውንቱ በር ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። ተነሡ፣ ሕፃኗን ተቀብለው በጋቢያቸው ሸፈኗት። “ነይ ልጄ፣ እኔ አደርስሻለሁ” አሏት ሚስቴን።

ከሄዱ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ማሽላ ለማሽላ እየተሹለከለክሁ ተከተልኳቸው። የጠጠሩ መንገድ ጭር ብሏል፤ ውሻ እንኳን አልነበረበትም። የቤተ ክርስቲያኗ አጥር ጥግ ካለው ማሽላ ውስጥ ገብቼ አጎነበስኩ።

ሚስቴ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። አዛውንቱም የሰው እምነት አክብረው ከጎኗ ቆሙ። ልጅቱን ይዞ የሚገባ የጠፋው እኔ ስለቀረሁ ነው። ቄሱ የታመመች ሕፃን በር ላይ መድረሷ ተነግሯቸው ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አስይዘው እስከ በሩ ወጡ።

“አባትየውስ?” ብለው ጠየቁ።

ሚስቴ መሬት መሬት አየች። ያኔ ብድግ ብዬ መውጣት እችል ነበር።

“መንገድ እየጠበቀልን ነው፣ አባ” አሉ አዛውንቱ። “እሱ ባይኖር አናልፍም ነበር።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ! ልጄ በር ላይ ስትጠመቅ፣ ዘግይታ የደረሰች አንዲት የሰፈሩ ሴት ክርስትና እናት ሆና ስትቀበላት፣ እኔ ማሽላ ውስጥ እንደ ሌባ ተሸጉጬ አየሁ። ከዚያም በሌላ በኩል ሮጬ ቀደምኳቸውና ቤት ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። አዛውንቱ፣ “እንኳን ደስ ያለህ፣ ተጠምቃ መጣች” አሉኝ። ሚስቴ ቀና ብላ አላየችኝም።

ልጅቱ ተረፈች። ወደ መርሳ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ገብቷል፤ ቄሱ ለሰው ሁሉ ተናግረዋል። ራሱን አጋልጦ መንገድ የጠበቀው አባት ይሉኛል። ሰንበት ትምህርት ቤት ተመለስና አስተምር ሲሉኝ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። አዛውንቱ ለገበያ ሲመጡ ሱቄ ጎራ ብለው፣ “ሰማንያዋ ደኅና ናት?” ይሉኛል። ደኅና ናት እላለሁ፣ ዓይናቸውን ግን አላይም። ያንን ነገር አንድም ቀን አላነሡብኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በቀደም ልጄ ጭኔ ላይ ወጣች። አፏን ከፈታች ቆይታለች፣ ወሬውንም ከሰፈር ሰምታለች።

“አባዬ፣ መንገድ ስትጠብቅልኝ አልፈራህም?”

ሚስቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

“ፈርቼ ነበር” አልኳት። ከእውነቱ ሊወጣኝ የቻለው ያን ያህል ነው።

ልጄ ግን እየፈራሁም የጠበቅኋት መሰላት። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።