የገመቺስ ቁልፍ

ኡርጂ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ኮድ እየጻፈች ትኖራለች። የድርጅቱ ቢሮ መገናኛ ቢሆንም ሁሉም ከቤቱ ስለሚሠራ፣ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳትነጋገር የሚመሽባት ቀን ብዙ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው የሚል ሰው እሷ ቤት አንድ ሳምንት ተቀምጦ ይንገረን።

ጠዋት ጠዋት ግን በቡድኑ መጻጻፊያ ላይ «እንዴት አደራችሁ? ዛሬም አለን» የሚል መልእክት ይመጣላታል። ላኪው ገመቺስ ነው። እሑድ ከቸርች መልስ አብሯት ወደ እንጦጦ በእግር የሚወጣ የሥራ ባልደረባዋ ነበር፤ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ሰላምታውን በየማለዳው በራሱ የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ ነበር፤ ለፕሮግራሙ ታዲያ መርዶ የነገረው የለም። ኡርጂም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትመልሳለች። ሞኝነት በሉት፤ እሷን ግን ይናፍቃታል።

አንድ ቀን የድርጅቱ ኮድ በሚቀመጥበት መድረክ ላይ የማይታወቅ ሰው ገብቶ ተገኘ። የገባው በገመቺስ ቁልፍ ነው። ቁልፍ የሚሉት ረጅም የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ሲሆን፣ መድረኩ ይህን የያዘውን ሁሉ ማነህ ሳይል ያስገባል፤ ቀኑም አያልፍበትም። ገመቺስ ደግሞ ሰላምታ የሚልከው ፕሮግራም በዚሁ ቁልፍ ስለሚሠራ፣ ውስጡ በግልጽ ጽፎት ኖሯል። ሲሞት ሊሰርዙት የሚገባቸው ሁሉ ይሉኝታ ያዛቸው፤ የሟችን ስም ማን ደፍሮ ይፍቃል ተባባሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ሁሉም ተንጫጫ።

አለቃዋ ይድነቃቸው ማስተካከሉን ለኡርጂ ሰጣት። የድሮ ቁልፎች በሙሉ ይሰረዛሉ፤ አዲሶቹ ለአንድ ሥራ ብቻ ያገለግላሉ፣ ወር ሲሞላቸው ይዘጋሉ፣ ባለቤታቸው በስልኩ ካላረጋገጠም አይሰጡም። የሁሉንም ቀየረች። የገመቺስ ላይ ስትደርስ ግን ለይድነቃቸው ደወለች።

«ሰላምታውን በአዲስ ቁልፍ ማስቀጠል አይቻልም?»

«ማን ያረጋግጥለታል፣ ኡርጂዬ?»

ስልኩን ዘግታ አለቀሰች፤ ከዚያ ሰረዘችው።

በማግስቱ ጠዋት መጻጻፊያው ላይ ምንም አልመጣም። ጥቂት ጠብቃ ራሷ «እንዴት አደራችሁ? ዛሬም አለን» ብላ ጻፈች። ሁሉም አዩት፤ የመለሰ ግን የለም። ድሮም ለዚህ ሰላምታ የምትመልሰው እሷ ብቻ ነበረች።